“ቤቱን እንጂ እኔን አትሸጡኝም!”

(የእናቱን ቤት ሊሸጥ ወረታ የወረደ ጓደኛዬና የፎገራ ሜዳ ትዝብት)

ለዛሬ የፍቅረኛሞችን ወሬ ትንሽ ገታ አድርገን ስለ ቤት ብናወጋስ? ቅር እንዳይላችሁ! እኔ እንደታዘብኩት ቤት ሲሸጥ የሚያጣላውን ያህል ፍቅርም አያጣላም። በተለይ ቤቱ የእናት ቤት ሲሆን፤ በተለይ ደግሞ ሻጮቹ አራት ልጆች ሆነው አንዷ ብቻ እዚያው ቤት ውስጥ የምትኖር ስትሆን… ጉድ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የልብ ጓደኛ አለኝ። ስሙን አልጠራውም (ይቺን ገጽ ሳያነብ አይውልም!)። የተወለደው ደቡብ ጎንደር፣ ወረታ ከተማ ነው። አዲስ አበባ ከገባ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። እናቱ ካረፉ ገና ዓመት ከመንፈቃቸው ነበር። አምና በታኅሣሥ አንድ ማታ ደወለና፣

“ከነገ ወዲያ ወረታ አብረኸኝ ትሄዳለህ?” አለኝ።

“ምን ልናደርግ?”

“የእናቴን ቤት ልሸጥ።”

“እታለምስ ምን አለች?” (እታለም የሚላት ታላቅ እህቱን ነው። እናታቸውን እስከ መጨረሻው ቀን ያስታመመችው እሷ ናት።)

ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ “ሃሎ?” ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

“ገና አልነገርኳትም… ግን ቀብድ ተቀብያለሁ” አይለኝ መሰላችሁ!

ለካ አንድ የወረታ ደላላ ሳምንቱን ሙሉ ሲደውልለት ከርሟል። “ገዢው ጥሬ ብር ነው፤ ዛሬ ካላሰርከው ነገ ሌላ ቤት ይገዛል!” እያለ። የገዢው ወንድም መርካቶ ድረስ መጥቶ አንድ ወረቀት አስፈረመውና 100 ሺህ ብር በባንክ አስገባለት። የተስማሙበት ዋጋ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር። ለአራት ሲካፈል 600 ሺህ ይደርሰዋል። ለኮንዶሚኒየም ቅድሚያ ክፍያ አስቦት ነው። ከቀብዱም ግማሹን እዚሁ አጥፍቶታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄኔ ነው።

ሜዳው

እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄድን። ከባሕር ዳር ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሳ ወዲህ ተጓዡ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመኪናውን ዋጋ ሳይሆን “መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው?” ብሎ ነው። እኛም ጠየቅን፤ “ክፍት ነው” ተባልን፤ ሚኒባስ ያዝን። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ተሻግረን ሐሙሲትን አለፍን። ከዚያ ጉማራ ወንዝን ስትሻገሩ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ኮረብታ ያጣል። የፎገራ ሜዳ ማለት እሱ ነው።

ሜዳ ስላችሁ ሜዳ! በግራ በኩል የማይታያችሁ ጣና አለ፤ ሰማዩ ወደዚያ ነጣ ሲል ታውቁታላችሁ። በቀኝ በኩል በሩቁ የጉና ተራራ አለ። ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለቱ ወንዞች ከጉና ተነስተው፣ አፈሩን ተሸክመው፣ ይቺን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲጠነክር ታዲያ መግባቱን ትተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ “የ98ቱ ጎርፍ” እያለ ዘመን ይቆጥርበታል። ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። (ይቺን ጎርፍ አደራ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።)

እኛ በታኅሣሥ ስንደርስ ሩዙ ታጭዶ ገለባው ተቆልሏል። አዎ፣ ሩዝ! ለከተማ ልጅ ሩዝ ከሱቅ በከረጢት የሚመጣ ነገር ነው። እዚህም ቢሆን ጥንት የነበረ እህል አይደለም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሬት ላይ ሞከሩት። ከዚያ ዘመን የተረፈው ዝርያ ‘ኤክስ ጅግና’ ይባላል፤ ጅግና የአካባቢው ቀበሌ ስም ነው። መጀመሪያ ላይ የዘሩት ገበሬዎች እፍኝ አይሞሉም ነበር። ግን ውኃ የሚተኛበትና ጤፍ እንቢ የሚልበት ጥቁር መሬት ለሩዝ ተስማማ። ዛሬ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው እዚሁ ወረታ ነው። ሩዙ ሲነሳ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ በወንዞቹ ዳር ደግሞ በሞተር ውኃ እየሳቡ ሽንኩርት ያመርታሉ።

ጓደኛዬ በመስኮት እያየ፣ “እኔ ልጅ ሳለሁ ይሄ ሁሉ የከብት ግጦሽ ነበር” አለኝ። የፎገራ ላም በወተቷ በአገር የታወቀች ናት። አሁን ግጦሹ ጠቦ ላሟ የሩዝ ገለባ ትበላለች። መሬቱ ሲወደድ መጀመሪያ ቦታ የሚለቀው የማይናገረው ነው ማለት ነው።

መንታ መንገድ

ወረታ መንታ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቀጥ ብላችሁ ብትሄዱ ርብን ተሻግራችሁ በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር ትገባላችሁ። ወደ ቀኝ ብትታጠፉ በደርግ ጊዜ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ደብረ ታቦርን፣ ነፋስ መውጫን፣ ጋሸናን አልፋችሁ ወልድያ ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ጎንደርና ወሎ የሚተላለፉት እዚህ ነው። ደረቅ ወደብም ተሠርቶላታል፤ የግብርና ኮሌጅም አላት። የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ‘ድርርር’ ይላል፤ ንፋስ ሲነሳ የሩዙ ዕብቅ ፀጉራችሁ ላይ ያርፋል። ባጃጁ፣ የሽንኩርት ጆንያው፣ የጭነት መኪናው… ምን አለፋችሁ፣ ወረታ ዝም የምትል ከተማ አይደለችም።

ይሄን የምነግራችሁ ያለ ነገር አይደለም። የቤት ዋጋን የሚሠራው ይሄ ነው። በሩዝና በሽንኩርት እጁ ላይ ገንዘብ የገባ ሰው ከተማ ገብቶ ልጆቹን ማስተማር ይፈልጋል። ነጋዴው መጋዘን ይፈልጋል። ተማሪው የሚከራይ ክፍል ይፈልጋል። በሌላ በኩል መንገድ በተዘጋ ቁጥር ገዢ ይጠፋል፤ ሻጩ ይጨነቃል፤ ደላላው “አሁን ካልሸጥክ መቼ?” ይላል። ታዲያ አንድ የወረታ ቤት ስንት ያወጣል ቢሏችሁ መልሱ “በየትኛው ሳምንት?” ነው።

ደላላው መናኸሪያ ጠበቀን። ሁለት ስልክ ይዟል፤ ሁለቱም ይጮኻሉ። “እንኳን ደኅና መጣችሁ! ገዢው ሻይ ቤት ቁጭ ብሏል” አለን። ጓደኛዬ “መጀመሪያ ቤት ልግባ” ሲለው ፊቱ ጠቆረ። ደላላ የቤተሰብ ሰላምታ ሲረዝም አይወድም፤ ለምን እንደማይወድ ማታ ገባኝ።

ሁለት ዓይነት ዓይን

ቤቱ ከደብረ ታቦር መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ፊት ለፊት ሦስት ክፍል ጭቃ ቤት በቆርቆሮ፤ ከጓሮ ደግሞ ለኮሌጅ ተማሪዎች የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች። በአጥሩ ጥግ አንድ ትልቅ የጌሾ ዛፍ አለ። እናትየው ጠላ እየጠመቁ፣ ክፍል እያከራዩ ነው አራት ልጅ ያሳደጉት። ታላቁ ልጅ አሜሪካ ነው፤ ትንሿ ባሕር ዳር ባለትዳር ናት። እታለም ባሏን ፈትታ ከአንዲት ልጇ ጋር እናቷ ዘንድ ከተመለሰች ዐሥር ዓመቷ ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት እናትየው ከአልጋ አልተነሱም።

ገዢው ከሰዓት መጣ። የሩዝ ነጋዴ ነው፤ የራሱ መፈልፈያ አለው፤ ተወልዶ ያደገው ከርብ ወዲያ ካለው ሜዳ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ቆቡን አውልቆ ነው የገባው። ግድግዳውን በጣቱ ደቅ ደቅ አደረገው። አንድ ስንጥቅ አገኘና የአንድ ብር ሳንቲም አስገባበት… ሳንቲሙ ገባ! “ዋልካ ነው” አለ። የፎገራ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የቆመ ቤትም አብሮት ይሰነጠቃል። ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ “ግድግዳው ግድ የለም፤ እኔ የምገዛው ግድግዳ አይደለም” አለ።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በሉልኝ። በአገራችን ሕግ የሚሸጠው ምን ይመስላችኋል? ግድግዳው ብቻ ነዋ! በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በከተማ ቦታ አይሸጥም፤ አይለወጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የምትሸጡት መሬቱ ላይ ያቆማችሁትን ቤት ነው። ገዢው ደግሞ ቤቱን ሊያፈርሰው ነው ያሰበው! የሚፈልገው መንገድ ዳር መሆኑን ነው። ስለዚህ ነው ደላላው “ስንት ካሬ ነው?” ብሎ ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው።

እናላችሁ ሕጉ ቤቱን ያያል። ገበያው ቦታውን ያያል። ቤቱ ውስጥ ያለችውን ሰው ማን ይያት?

እታለም

ማታ እራት ቀረበልን። እንጀራው ነጭ ነው፤ ጤፍ ከሩዝ ዱቄት ጋር ተደባልቆ የተጋገረ። ጓደኛዬ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ነገሩን አፈረጠው። እታለም አልጮኸችም። ሳህኑን አንስታ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠችና፣

“ስንት ተቀበልክ?” አለችው።

“መቶ ሺህ።”

“እኔንስ ጨምረህ ነው ያለ እኔ?”

“እታለም፣ ምን ማለትሽ ነው?”

“እናታችንን ሦስት ዓመት ሳገላብጥ አንዳችሁም ድርሻችሁን አልጠየቃችሁም። ዛሬ አራት እኩል ሆንን። እሺ፣ ሕጉ ነው፤ እኩል እንሁን። ግን አንተ ብሩን ይዘህ አዲስ አበባ ትገባለህ። እኔ ልጄን ይዤ ወዴት ነው የምገባው? ይሄን ሳትጠይቀኝ ፈረምክ። ቤቱን እንጂ እኔን አትሸጡኝም፤ አልፈርምም!”

እኔ ያን ጊዜ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። ጓደኛዬ እንደ ሕፃን አቀረቀረ። የደላላው ስልክ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ የሚያነሳው ጠፋ።

በማግስቱ እኔና እሱ ልባችን እስኪረጋ ብለን በደብረ ታቦር መንገድ ወዳለችው አውራምባ ሄድን። ከወረታ ብዙ አትርቅም። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ከተከታዮቻቸው ጋር የመሠረቷት ማኅበረሰብ ናት። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፤ ሴቷ ታርሳለች፤ ሁሉም ሸማ ይሠራል። ለኛ ትልቁ ነገር ግን ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚንከባከቡበት ቤታቸው ሆነ። እዚያ አረጋዊን ማገላበጥ የተቆጠረ ሥራ ነው፤ የአንድ ሰው ዕጣ ብቻ አይደለም። ጓደኛዬ ብዙ አላወራም። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ፣ “እኛ ቤት ይሄን ሥራ የቆጠረው የለም” ብቻ አለኝ።

ራፖር ጸሐፊው

ከሰዓት ወደ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ሄደን አንድ ራፖር ጸሐፊ አማከርን። እኚህ አባት ጠበቃ አይደሉም፤ ግን ስንት የተካሰሰ ወንድምና እህት አይተዋል! ወረቀቶቹን ዘርግተው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና፣

“አንተ ልጅ፣ የሸጥከው የማንን ቤት ነው?” አሉት።

“የእናቴን።”

“ካርታው በማን ስም ነው?”

አየን። በአባቱ ስም! አባትየው የሞቱት እሱ ገና ፊደል ሳይቆጥር ነው። እናትየው ስም ሳያዞሩ ኖረው አለፉ። እንግዲህ የሁለት ሟቾች የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት መውጣት አለበት ማለት ነው። አራቱም ወራሾች መፈረም አለባቸው። አሜሪካ ያለው ወንድም ደግሞ በኤምባሲ በኩል ውክልና ልኮ፣ ውክልናው እዚህ አገር ሲደርስም መረጋገጥ አለበት።

“ሌላም አለ” አሉ። “ካርታው ላይ ያለውና አጥሩ ያቀፈው እኩል ነው?” ስንለካው አጥሩ ወደ ጎርፍ መውረጃው በኩል ገፋ ብሏል። ከካርታው የተረፈው ስፋት ዋጋ አይቆረጥለትም፤ እንዲያውም ስም ሲዞር ጣጣ ያመጣል። ደግሞ ቦታው ነባር ይዞታ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ ይይዛል ብሏል። ልጆች ሲወርሱ ይሄ የለም፤ ገዢው ግን ያስባታል። ስለዚህ ዋጋ ሲከራከር ሊዙንም ቆጥሮ ነው፤ ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ወደ ቀብዱ ስንመጣ እኚህ ሰው ቆጣ አሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 እንዲህ ነው፦ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወው ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ከተወው ግን እጥፉን ይመልሳል። 100 ሺህ የተቀበለ 200 ሺህ!

ጓደኛዬ ላብ አጠመቀው። “ግን እኮ ሌሎቹ አልፈረሙም፤ የቤት ሽያጭ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል የሚያዋውለው ክፍል ካልተመዘገበ…” እያለ ተንተባተበ።

“ቁጥር 1723ን አንብበሃል ማለት ነው” አሉ ፈገግ ብለው። “ክርክር ነው ልጄ። ክርክር ታሸንፍ ይሆናል። ግን ክርክር ዓመት ይበላል፤ እህትህም በዓመቱ ውስጥ ታረጃለች። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው፤ ሽማግሌ ሰብስቡ።”

በረንዳው ላይ

በሦስተኛው ቀን ቡና ተፈላ። ጎረቤቶች መጡ፤ ገዢው መጣ፤ ደላላው በር ላይ ቆመ። ገዢው በትሕትና፣ “እኔ ቀማኛ አይደለሁም። ተፈራርመን ነው የሰጠሁት። ወይ ቤቱን ስጡኝ፤ ወይ ሕጉ የሚለውን ስጡኝ” አለ። እውነቱን ነው፤ ማን ምን ይለዋል?

አንድ ሽማግሌ ሁለተኛውን ቡና ጨረሱና፣ “አንተ ልጅ፣ በ98ቱ ጎርፍ ጊዜ እናትህ የት ነበር የከረሙት?” አሉት።

ዝም።

“እዚች በረንዳ ላይ አይደለም እንዴ? ሁለት ሳምንት ሙሉ። ያቺ ሟች አንሶላዋን አንጥፋ፣ እንጀራዋን ቆርሳ…”

ሰውየው ለረጅም ጊዜ በረንዳውን አየው። “አውቀዋለሁ” አለ በመጨረሻ። “እኔም ነበርኩ።” እታለምም ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችው። ለካ የርብ ማዶውን ልጅ ታስታውሰዋለች!

እናላችሁ ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። ገዢው እጥፉን ተወ፤ የሰጠውን 100 ሺህ ብቻ ተቀበለ። (ጓደኛዬ ያጠፋውን ከባሕር ዳሯ እህቱ ተበደረ፤ ጮክ ብላ እየተሳደበች ነው የላከችለት!) ቤቱ የሚሸጥ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። እታለም ደግሞ፣ “ወረቀቱ ይስተካከል፤ እኔ የምገባበትን ቤት ልፈልግ፤ ከዚያ እፈርማለሁ” አለች። ደላላው ሳይሰናበት ሄደ።

ጓደኛዬ ያን ዕለት ማታ ሌላ ስህተት ሊሠራ ነበር። “ከተማው ዳር ርካሽ ቦታ አለ አሉ፤ እታለም እዚያ ትሥራ” አለኝ። ወገኖቼ፣ ያ ጨረቃ ቤት ነው! ገበሬው የእርሻ መሬቱን ቆርሶ በእጅ በተጻፈ ወረቀት የሚሸጥላችሁ። የገጠር መሬት ይወረሳል፤ በስጦታ ይሰጣል፤ ይከራያል፤ አይሸጥም። ማታ የተሠራው ቤት አንድ ጠዋት ሊፈርስ ይችላል። የእናትን ቤት ሸጦ እህትን ጨረቃ ላይ ማስቀመጥ ምን ይባላል?

በመጨረሻስ?

የወራሽነቱም፣ የውክልናውም፣ የካርታውም ጉዳይ አምስት ወር ፈጀ። በግንቦት ቤቱ ለዚያው ነጋዴ ተሸጠ። ዋጋው 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ሆነ። ከመጀመሪያው በ200 ሺህ የጨመረው ወረቀቱ ንጹሕ ስለሆነ ነው፤ ገዢ ለተጣራ ወረቀት ይከፍላል። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 650 ሺህ ደረሰ። ሦስቱ ልጆች ከየድርሻቸው 50 ሺህ አንስተው ለእታለም ሰጡ፤ “ለእናታችን ዓመታት” ብለው። እሷ 800 ሺህ ያዘች። ጓደኛዬ በመጨረሻ ያገኘው፣ ወጪውን ሳንቆጥር፣ መጀመሪያ እህቱን ሳይጠይቅ ሊያገኘው የነበረውን ያንኑ 600 ሺህ ነው! አያስቅም?

ውሉ ላይም አንዲት መስመር ገባች፦ እታለም ክረምቱ እስኪወጣ ከቤቱ አትለቅም። ገዢው እሺ አለ። እሷም በዚህ መሀል ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካርታ ያለው ሁለት ክፍል ቤት አገኘች።

ለናንተስ ምን ተረፈ?

ከናንተ መካከል የቤተሰብ ቤት ክፍለ አገር ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ባሕር ዳርም ይሁን ደሴ፣ ጅማም ይሁን ወረታ ነገሩ አንድ ነው። የጓደኛዬን ስህተት ገልብጣችሁ ተጠቀሙበት።

አንደኛ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው። በስልክ ሳይሆን ሄዳችሁ፣ እንጀራውን በልታችሁ ጠይቁ። ጥያቄውም “እንሽጥ ወይ?” ብቻ ሳይሆን “ብንሸጥ አንቺ የት ትገቢያለሽ?” ይሁን።

ሁለተኛ፣ ካርታውን በዓይናችሁ እዩት። በማን ስም ነው? ስፋቱ ከአጥሩ ጋር ይገናኛል? ግብር ተከፍሏል? ዕዳና ዕገዳ አለበት ወይ ብላችሁ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። ባለትዳር የሆነ ሻጭ የጋራ ቤቱን ያለ ትዳር ጓደኛው ፊርማ ሊሸጥ አይችልም፤ “እሷ እሺ ትላለች” የሚባል ነገር አይሠራም።

ሦስተኛ፣ ዋጋ ከአንድ ደላላ አፍ አትውሰዱ። ደላላው በተለምዶ ከመቶ ሁለቱን የሚያገኘው ቤቱ ሲሸጥ ነው፤ ደግ ሰው ቢሆንም ችኮላው ለራሱ ነው። ሰፈር ውስጥ በቅርቡ የሸጠ ሰው ፈልጋችሁ ቡና ጋብዙት።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ቀብድ የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ አይደለም። ሁሉም ወራሾች ተስማምተው፣ ወረቀቱ አልቆ፣ ከዚያ። እጃችሁ የገባው ብር እጥፍ ሆኖ ሊወጣ እንደሚችል አትርሱ።

“ታዲያ አይሸጥ ነው የምትለው?” ትሉኝ ይሆናል። አይደለም! ቤት ይሸጣል። ኑሮ ነው፤ ሰው ቦታ ይቀይራል፤ ገንዘብ ይቸግራል። እኔ የምለው ከካሬው በፊት ሰውየዋን ቁጠሯት ነው።

በነሐሴ ለጓደኛዬ የስልክ ፎቶ ደረሰው። እታለም በዝናብ፣ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ ከእናቷ የጌሾ ዛፍ ሥር የበቀለውን ቡቃያ እየነቀለች ነው። ቆፋሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሩዝ ነጋዴው! ትልቁ ዛፍ መጋዘን ሲሠራ መቆረጡ አይቀርም። ቡቃያው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተተክሏል፤ ሥር ይዟል አሉ።

ጓደኛዬ ኮንዶሚኒየሙን ገና አላገኘም። ለገና ግን ወረታ ሊሄድ ትኬት ቆርጧል፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ። ማረፊያው የት እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀብኝና፣ “እታለም ቤት ነዋ!” አለኝ።

በሉ ደኅና ሰንብቱ።